መብራት ሲጠፋ ማን ይመሰክራል?
ስለ ሊነክስ መዝጋቢ ሶፍትዌር አመራረጥ የቀረበ ትምህርት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል የማያውቅ እጩ መምህር በመካከላችን አይገኝም። የተማሪዎች መቆጣጠሪያ፣ የማርክ መመዝገቢያና የንብረት መዝገብ የሚያዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ የራሱ መዝገብ አለው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የትኛው ፕሮግራም ተነሣ፣ የትኛው ወደቀ፣ ዲስኩ መቼ መታመም ጀመረ፤ ይህን ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ እየለየ ይጽፋል። የተጻፈው ሎግ ይባላል፤ ጸሐፊውን ፕሮግራም ደግሞ በዚህ ጽሑፍ መዝጋቢ እንለዋለን።

በሊነክስ ላይ የሚሠራው መዝጋቢ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ትምህርት ማዘጋጀት ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ብዙ ናቸው፤ ጠባያቸውም ይለያያል። ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? በምንስ መመዘኛ?

1. ጉዳዩ መምህርን ለምን ይመለከተዋል?

እንበልና በፎገራ ሜዳ ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሃያ ኮምፒውተሮች አሉት። ሰኞ ጠዋት ቤተ ሙከራው ሲከፈት የተማሪዎች ውጤት የተጻፈበት ፋይል ተበላሽቶ ተገኘ። ወዲያው ጣት መቀሳሰር ይጀመራል። አንዱ «ተማሪዎቹ ነክተውት ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ በአግባቡ ሳይዘጋ ሄዶ ነው» ይላል። እውነቱ ግን ቅዳሜ ማታ መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ መመለሱና ፋይሉ በዚያ መሐል መጎዳቱ ሊሆን ይችላል። መዝገብ ካለ ነገሩ በአሥር ደቂቃ ይጣራል። መዝገብ ከሌለ ግን አንድ ንጹሕ ሰው በሐሜት ስሙ ይጠፋል። እንግዲህ የመዝጋቢ ምርጫ የፍትሕ ጉዳይም ነው ማለት ነው።

ሊነክስ የሚለው ስም በመሠረቱ የሚያመለክተው የሥርዓቱን እምብርት፣ ከርነል የሚባለውን ነው። ከርነሉን ከሌሎች በርካታ ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ ለተጠቃሚ የሚያቀርበው ስብስብ ዲስትሪቢዩሽን ወይም ስርጭት ይባላል። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና አልፓይን ስርጭቶች ናቸው። መዝጋቢውን አስቀድሞ የሚመርጠው የስርጭቱ አዘጋጅ ነው። ይሁን እንጂ አንድ መምህር አንዱን ኮምፒውተር አስተካክሎ ያንኑ ቅጂ በአሥራ ዘጠኙ ላይ ሲጭን እሱም በበኩሉ ስርጭት አዘጋጀ ማለት ነው። ለሃያ ማሽን ይወስናል፤ በሃያ ማሽን ለሚማሩት ተማሪዎች ሁሉ ይወስናል።

2. መዝጋቢዎቹ ከየት መጡ?

ሲስሎግ የተባለውን የመጀመሪያውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈጠረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ ኤሪክ ኦልማን ነው። መነሻው ሴንድሜይል የተባለው የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ማመላለሻ ፕሮግራም የሚያጋጥመውን ለመመዝገብ ነበር። ሌሎች ፕሮግራሞችም ጥቅሙን አይተው ተከተሉት። የሚገርመው ግን አሠራሩ ለረዥም ዘመን በልማድ ብቻ ሲሠራበት ኖሮ በሰነድ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2001፣ አር.ኤፍ.ሲ. 3164 በተባለው ጽሑፍ መሆኑ ነው። የተሻሻለው ደረጃ አር.ኤፍ.ሲ. 5424 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ባላዥ ሻይድለር የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ሲስሎግ-ኤንጂን ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጀርመናዊው ራይነር ጌርሃርድስ አር-ሲስሎግን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ዚቨርስ ጆርናል የተባለውን አዲስ አሠራር አስተዋወቁ። ይህ ጆርናልዲ የሚባለው መዝጋቢ ሲስተምዲ ከተባለው የሥርዓት አስነሺና አስተዳዳሪ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።

ስርጭቶችስ እንዴት መረጡ? የዴቢያንን ጉዞ እንመልከት። ዴቢያን ለብዙ ዓመታት ሲስ-ከሎግ-ዲ በተባለ አሮጌ መዝጋቢ ይጠቀም ነበር። የአሮጌው እድሳት እየሳሳ ስለሄደ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 በወጣው በ5ኛው ዕትም በአር-ሲስሎግ ተተካ። አር-ሲስሎግ አሮጌውን የማስተካከያ ፋይል እንዳለ ማንበብ መቻሉ ሽግግሩን አቅልሎታል። በ2015 በወጣው 8ኛው ዕትም ሲስተምዲ ሲገባ ጆርናልዲም አብሮ ገባ። በ2021 በ11ኛው ዕትም የጆርናልዲ መዝገብ በዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። በ2023 በ12ኛው ዕትም ደግሞ አር-ሲስሎግ ከመደበኛው ጭነት ወጣ፤ የፈለገ ሰው ግን ራሱ ሊጭነው ይችላል። ፌዶራ በ2007 በ8ኛው ዕትም አር-ሲስሎግን አስገብቶ፣ በ2013 በ20ኛው ዕትም ከመደበኛው ጭነት አስወጥቶታል። ትንሽ ቦታ ለሚይዙ ሥራዎች የተዘጋጀው አልፓይን ቢዚቦክስ ውስጥ ያለውን ቀላሉን መዝጋቢ ይዟል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? «ምርጡ መዝጋቢ ይህ ነው» የሚል አንድ መልስ አለመኖሩን ነው። እያንዳንዱ አዘጋጅ የወሰነው የራሱን ተጠቃሚ በዓይነ ልቦናው እያየ ነው። ያ ተጠቃሚ የወረታ ወይም የአዲስ ዘመን መምህር ላይሆን ይችላል። ስለሆነም የተሰጠንን ተቀብለን ከመቀመጣችን በፊት ለእኛ ሁኔታ መስማማቱን መመርመር አለብን።

3. የመዝገቡ ቋንቋ

ከምርጫው በፊት ሁሉም መዝጋቢዎች የሚጋሩትን መሠረታዊ ነገር እንያዝ። እያንዳንዱ ምዝግብ የክብደት ደረጃ አለው። ደረጃዎቹ ስምንት ናቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ይከብዳል።

0 — ሥርዓቱ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል
1 — ባስቸኳይ እርምጃ ይወሰድ
2 — አደገኛ ሁኔታ
3 — ስሕተት
4 — ማስጠንቀቂያ
5 — ልብ ሊባል የሚገባው
6 — መረጃ
7 — ለምርመራ የሚረዳ ዝርዝር

ከዚህም ሌላ ምዝግቡ ከየት እንደመጣ የሚያመለክት የምንጭ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 0 ከርነሉ፣ 2 የደብዳቤ አገልግሎት፣ 3 በስተጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶች፣ 4 የመግቢያና የፈቃድ ጉዳይ ነው። በሲስሎግ አሠራር ሁለቱ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ፤ ይኸውም የምንጩ ቁጥር በ8 ተባዝቶ ክብደቱ ይደመርበታል። ለምሳሌ ከስተጀርባ አገልግሎት የመጣ ማስጠንቀቂያ 3 × 8 + 4 = 28 ይሆናል። ቁጥሩን መልሶ ለመፍታት ለ8 ማካፈል ነው፤ ድርሻው ምንጩን፣ ቀሪው ክብደቱን ይነግረናል። ይህ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥሩ የማካፈል መልመጃ ይወጣዋል።

4. ስንመርጥ የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

ሀ. መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ይተርፋል ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። አንዳንዱ መዝጋቢ የሚጽፈው በሜሞሪ ላይ ብቻ ነው። ሜሞሪ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምስክሩ ከሟቹ ጋር አብሮ ተቀበረ ማለት ነው። ጆርናልዲ ለብዙ ዓመታት ከአዘጋጆቹ ይወጣ የነበረው ‹አውቶ› በሚባለው አሠራር ላይ ሆኖ ነው። ይኸውም በ‹ቫር› ውስጥ፣ ‹ሎግ› በተባለው ማኅደር፣ ‹ጆርናል› የሚባል ንዑስ ማኅደር ካለ በዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ከሌለ ግን በሜሞሪ ላይ ብቻ ይጽፋል። በአንዳንድ ስርጭት ማኅደሩ ተፈጥሮ ይመጣል፣ በሌላው አይመጣም። ስለዚህ ማኅደሩ መኖሩን ማየት ወይም ‹ስቶሬጅ› የሚለውን ትእዛዝ ‹ፐርሲስተንት› ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያልተሠራ እንደሆነ ግን ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነው።

በዲስክ ላይ መጻፉም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ጆርናልዲ ደረጃቸው ከ0 እስከ 2 የሆኑትን ከባድ ምዝግቦች ወዲያው በዲስክ ላይ ያጸናል፤ ሌሎቹን የሚያጸናበት የተለመደው ጊዜ ግን 5 ደቂቃ ነው። ስለዚህ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች የተጻፉት ሊጠፉ ይችላሉ። ይህን ጊዜ ማሳጠር ይቻላል። አር-ሲስሎግም ቢሆን እያንዳንዱን መስመር ወዲያው በዲስክ ላይ እንዲያጸና ካልታዘዘ አያደርገውም። «ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ይተርፋል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ተራ ጽሑፍ መሆኑ ብቻ አያተርፈውም።

ለ. ማን ያነበዋል? በምንስ ያነበዋል?

አር-ሲስሎግና ሲስሎግ-ኤንጂ በተለመደው አሠራራቸው ተራ ጽሑፍ ይጽፋሉ። ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው በማንኛውም የጽሑፍ ማንበቢያ ያነበዋል። የጆርናልዲ መዝገብ ግን ባይነሪ ነው፤ የሚነበበው ጆርናል-ሲቲኤል በተባለው መሣሪያ ነው። በዚህ የተነሣ በስርጭቶች አካባቢ ብዙ ክርክር ተደርጓል።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ተራ ጽሑፍ በሁሉም እጅ ይነበባል። ሆኖም አንድ ፕሮግራም በስሙ የፈለገውን ጽፎ ቢያስገባ ማረጋገጫው ደካማ ነው። ጆርናልዲ ግን የላኪውን የሂደት ቁጥር፣ የተጠቃሚውን መለያና የአገልግሎቱን ስም ራሱ ከከርነሉ ጠይቆ ያያይዛል፤ ላኪው ፕሮግራም እነዚህን ሊለውጣቸው አይችልም። ለምስክርነት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ተናጋሪው ራሱ የነገረንን ስምና እኛ መታወቂያውን አይተን የጻፍነውን ስም እኩል አናምነውም።

ሐ. ጊዜው ይታመናል ወይ?

አሮጌው የሲስሎግ አጻጻፍ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ይጽፋል። ዓመት የለውም፤ የሰዓት ክልልም የለውም። ለእኛ ይህ እጥፍ ችግር ነው። በማሽኑ 14:30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:30 ነው። ማሽኑ ዓለም አቀፉን ሰዓት እንዲከተል ከተተወ ደግሞ ያንኑ ቅጽበት 11:30 ብሎ ይጽፈዋል፤ አንባቢውም ምሽት መስሎት «በዚያ ሰዓት ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?» እያለ ሊጨቃጨቅ ነው። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በማሽኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ተብሎ ይመዘገባል። ስለሆነም በሁሉም ማሽን ላይ የሰዓት ክልሉን ‹አፍሪካ/አዲስ አበባ› ብሎ መሙላትና ዓመትና የሰዓት ክልል የሚጽፈውን የአር.ኤፍ.ሲ. 5424 አጻጻፍ መምረጥ ይገባል።

ሌላም አለ። በአሮጌ ኮምፒውተር የሰዓቱ ባትሪ ሲያልቅ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል። ጆርናልዲ ለእያንዳንዱ መነሣት የተለየ መለያ ይሰጣል፤ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮም ጊዜውን ለብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ ቀኑ ቢሳሳት እንኳ የነገሮቹ ቅደም ተከተል አይፋለስም። ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደተነሣም በአንድ ትእዛዝ ቆጥሮ ያሳያል። መብራት ቅዳሜ ማታ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቶ ከሆነ ሦስት መነሣት ተመዝግቦ እናገኛለን።

መ. ዲስኩን ይሞላዋል ወይ?

የተበላሸ አንድ ፕሮግራም በሰከንድ ሺህ ጊዜ ቢጮህ መዝገቡ ዲስኩን ሞልቶ ማሽኑን ሊያቆመው ይችላል። ጆርናልዲ ከተጻፈበት የዲስክ ክፍል 10 በመቶ፣ ቢበዛ ደግሞ 4 ጊጋባይት ላይ ራሱ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የድሮውን እየሰረዘ ይጽፋል። አር-ሲስሎግ አብዛኛውን ጊዜ ሎግ-ሮቴት የተባለ ሌላ ፕሮግራም እየቆረጠ ያስቀምጥለታል፤ ሎግ-ሮቴት ካልተጫነ መዝገቡ እንዳደገ ይኖራል። ዲስኩ ትንሽ ከሆነ ወሰኑን ራሳችን በቁጥር እንጻፈው።

ሠ. ሌላ ቦታ ቅጂ አለው ወይ?

ይህን የፎገራ ሜዳ ሰው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። የወንዝ ከፍታ የሚለካውና የሚመዘገበውም ስለዚሁ ነው። ታዲያ መዝገቡ ወንዙ ዳር ጎጆ ውስጥ ብቻ ቢቀመጥ ጎርፉ መዝገቡንም ጠራርጎ ይሄዳል። ሰው መዝገብ በጣም የሚያስፈልገው ጎርፍ በመጣበት ቀን ነው፤ በዚያው ቀን ግን መዝገቡ የለም! የኮምፒውተርም ነገር ይኸው ነው። ዲስኩ የሞተ ማሽን መዝገቡን ይዞ ይሞታል። መድኃኒቱ ምዝግቡ በተጻፈበት ቅጽበት ቅጂው በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን እንዲሄድ ማድረግ ነው።

በዚህ በኩል አር-ሲስሎግና ሲስሎግ-ኤንጂ የቆየ ልምድ አላቸው። የተለመደው መንገድ ዩዲፒ፣ በበር ቁጥር 514 ነው። ዩዲፒ ግን ደብዳቤን ሜዳ ላይ ወርውሮ እንደመሄድ ነው፤ ይድረስ አይድረስ የሚያረጋግጥ የለም። ቲሲፒ ይሻላል። በአር-ሲስሎግ ማስተካከያ ፋይል ላይ ልዩነቱ የአንድ ምልክት ያህል ነው፤ ከተቀባዩ ስም በፊት አንድ የ‹አት› ምልክት ዩዲፒ ማለት ሲሆን ሁለት ምልክት ቲሲፒ ማለት ነው። ተቀባዩ ለጊዜው ባይገኝ አር-ሲስሎግ ያልተላከውን በዲስክ ላይ ወረፋ አስይዞ እንዲያቆይ ማዘዝም ይቻላል።

5. ለእኛ የሚስማማው የትኛው ነው?

ከላይ ባየነው መሠረት መብራት ሄዶ ለሚመጣበትና ኢንተርኔት ለማይታመንበት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የምንመርጠው ሁለቱን አጣምሮ መያዝን ነው። ጆርናልዲ በየማሽኑ ላይ በዲስክ እየጻፈ ይሥራ፤ ወሰኑም በሜጋባይት ተቆርጦ ይሰጠው። አር-ሲስሎግ ደግሞ ከጆርናልዲ እየተቀበለ ቅጂውን በቲሲፒ ወደ አንድ ተቀባይ ማሽን ይላክ፤ ተቀባዩም በተራ ጽሑፍ ያስቀምጠው። እንዲህ ከሆነ የጆርናልዲን ታማኝነትና የተራ ጽሑፍን ተነባቢነት ሁለቱንም እናገኛለን።

ተቀባዩ ውድ ሰርቨር መሆን የለበትም። ባትሪው ደኅና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ የኔትወርኩ ማከፋፈያም አብሮ ይጠፋል፤ ግድ የለም፤ እስከዚያ ደቂቃ የተላከው ቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስተውሉ። አር-ሲስሎግ ‹ማርክ› የሚባል መልእክት እንዲልክ ከታዘዘ በተለመደው አሠራር በየ20 ደቂቃው «አለሁ» እንደማለት አንዲት መስመር ይጽፋል። ሃያው ማሽን በአንድ ጊዜ ዝም ካለ፣ በኋላም ሃያው በአንድ ጊዜ መነሣቱን ካስታወቀ ጉዳዩ የመብራት ነው። አንዱ ብቻ ዝም ካለ ግን የታመመው ያ ማሽን ነው። ዝምታውም ይመሰክራል፤ ምስክርነቱን የምናገኘው ግን ቀድመን አዳማጭ ካስቀመጥን ብቻ ነው።

«ሁለት መዝጋቢ ለምን? አይበዛም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማሽኑ አንድ ብቻ ከሆነና ኔትወርክ ከሌለ ጆርናልዲ ለብቻው ይበቃል። ማሽኖቹ በጣም አሮጌና ሜሞሪያቸው ትንሽ ሆኖ አልፓይንን የመሰለ ስርጭት ከተጫነባቸው የቢዚቦክሱ መዝጋቢም ወደ ሌላ ማሽን መላክ ይችላል፤ ከነጭራሹ ከመቅረት እሱን ይዞ ቅጂ መላክ ይሻላል። ዋናው ነገር የሶፍትዌሩ ስም አይደለም። አምስቱን ጥያቄዎች መመለሱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። መዝገብ ማን መቼ እንደገባ ስለሚናገር በእጁ የያዘ ሰው ሐሜተኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። መዝገቡን የሚያነቡት ሰዎች ጥቂትና የታወቁ ይሁኑ፤ ተማሪዎችም መዝገብ እንደሚያዝ አስቀድሞ ይነገራቸው። ምስክር የሚያስፈልገን እውነቱን ለማወቅ ነው፤ ሰውን ለመሰለል አይደለም።

6. መልመጃ

(1) በተቀባዩ ማሽን ላይ 38 የሚል ቁጥር ያለው መልእክት ደርሷል። ለ8 አካፍላችሁ ምንጩንና ክብደቱን ግለጹ። ትምህርት ቤቱን ሊያሳስበው ይገባል ወይ?

(2) አንድ ማሽን ዓለም አቀፉን ሰዓት እየተከተለ 05:15 ብሎ መዝግቧል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ነው?

(3) በምታውቁት ቤተ ሙከራ አንድ የሊነክስ ማሽን ፈልጉ። የ‹ጆርናል› ማኅደር በዲስክ ላይ መኖሩን ተመልከቱ፤ ማሽኑ ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ እንደተነሣም ቁጠሩ። ከዚያ ውስጥ ሰው አጥፍቶ ያስነሣው ስንቱ ነው? መብራት ሄዶ የመጣበትስ ስንቱ?

መልሳችሁን ይዛችሁ ኑና በዚሁ ሰሌዳ ፊት እንወያይበት። በተለይ ሦስተኛውን የሠራ ሰው ያገኘውን ቁጥር ጽፎ ያምጣልን፤ ከብዙ ቤተ ሙከራ የተሰበሰበ ቁጥር ምን ዓይነት ባትሪ መግዛት እንደሚያስፈልግ ለትምህርት ቤቶቻችን ያመለክታልና።